የአሮጊቶቹ ባሕር

ቡንሬ ልጇን በብረት የመታችው እሑድ እኩለ ቀን ላይ፣ ሕዝብ እያየ ነው። ያየው ሰው ደግሞ ጥቂት አልነበረም። የባሕር ዳሩ መንገድ የዚያን ቀን ከጫፍ እስከ ጫፍ በሰው ተጨናንቆ ነበር። ሕፃን በጋሪ የሚገፋው፣ አያቱን ደግፎ የሚሄደው፣ ፍቅረኛውን ገደል አፋፍ ላይ አቁሞ ፎቶ የሚያነሳው፣ ሁሉም ስልኩን መዥረጥ አደረገ። ማታ በየቤቱ የተወራው ግን እርስ በርሱ አይገናኝም። አንዱ ሁለት ሰካራሞች ተደባደቡ አለ። ሌላዋ አንዲት እብድ ሴት ጎብኚ ላይ ተነሳችበት አለች። የገዛ ልጇ መሆኑን የሰሙት ጥቂቶች ናቸው፤ ለምን እንደመታችው የገባቸው ደግሞ ከዚያም ያንሳሉ።

መንገዱ እንኳን ደም ላብም የሚያፈስ መንገድ አይደለም። በቡሳን ከተማ የመጨረሻው አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ተወርዶ የሚጀመር፣ እንጨት የተነጠፈበት፣ መደገፊያ የተበጀለት፣ ዳዴ የሚል ሕፃን የሚወጣው ደረጃ ያለው የእግር መንገድ ነው። የከተማው ሰው ግን እዚህ ሲመጣ የዓለምን ትልቁን ተራራ ሊወጣ የተነሳ ይመስላል። በሁለት እጁ ባለ ሹል ጫፍ ምርኩዝ ይይዛል፤ ፊቱን እስከ ዓይኑ ይሸፍናል፤ በጀርባው የወር ስንቅ የሚይዝ ሻንጣ ያዝላል። ሻንጣው ውስጥ ያለው ኪምባብ የሚሉት ጥቅል ሩዝና የተቀቀለ እንቁላል ነው፤ እሱም የመጀመሪያው ወንበር ላይ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ማዶ የሚታዩትን የከተማውን ፎቆች እየቆጠረ፣ የእኛ ቤት ያኛው ነው፣ አይ ያኛው ነው፣ እያለ ከሚስቱ ጋር ይከራከራል።

ከመንገዱ ሥር፣ ደረጃው ወደ ዓለቱ በሚወርድበት በኩል፣ የጠላቂዎቹ ሴቶች ጎጆ አለ። ጎጆ ይባል እንጂ አራት የሲሚንቶ ግድግዳና አንድ ምድጃ ነው። ሴቶቹ የአየር ጋን ሳያዝሉ፣ ትንፋሻቸውን ብቻ ውጠው ይጠልቁና ከባሕሩ ወለል ላይ ጆንቦክ እየፈለቀቁ ያወጣሉ። ጆንቦክ መዳፍ የሚያህል፣ ከዓለት ጋር ተጣብቆ የሚኖር የባሕር ቀንድ አውጣ ነው። ከተጣበቀ በጣት አይላቀቅም፤ ስለዚህ እያንዳንዷ ሴት ክንድ የማያህል ጠፍጣፋ ብረት በጎማ ማሰሪያ የእጇ አንጓ ላይ አንጠልጥላ ትገባለች። አንድ ብርቱካንማ ተንሳፋፊ ኳስም አላት፤ መረቧ ከሥሩ ይንጠለጠላል። ከጥልቁ ብቅ ስትል የያዘችውን ትንፋሽ በፉጨት ትለቀዋለች። የአንዷ ፉጨት ከሌላዋ አይመሳሰልም። ቡንሬ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ጀርባዋን ለባሕሩ ሰጥታ ማን እንደወጣች ትናገር ነበር።

ባሕሩ ሕግ አለው። ጥልቁ የብርቱዎቹ ነው። ከመንገዱ ሥር ያለው፣ ጠጠሩ ከላይ የሚታየው ውሃ ደግሞ ለአሮጊቶቹ ተትቷል። ትንፋሽ ያጠራት፣ ጆሮዋ የተጎዳ ሴት እስከ ዕለተ ሞቷ እዚያ ትለቅማለች። ጉልበት ያላት ሴት ከዚያ ውሃ አንዲት ቀንድ አውጣ ብታነሳ ምድጃው ዙሪያ የሚያስጠጋት የለም። ሌላም ልማድ አለ። ባዶ መረብ ይዛ ከባሕር ለወጣች ሴት፣ የሞላላቸው ከየመረባቸው እያነሱ ይጨምሩላታል። ድርሻ ይሉታል። አትለምንም፣ አታመሰግንም፣ እምቢም አትልም።

በዚያ ጸደይ የአሮጊቶቹ ባሕር መራቆት ጀመረ። ትልቅ ትንሽ ሳይባል ከዓለቱ ላይ ተጠርጎ ተወሰደ፤ የሕፃን ጆሮ የምታህለዋ እንኳ አልቀረች። ጠላቂዎቹ ትንሹን ሲያገኙ እንደ ዘር ነው የሚያዩት፤ ሳይነኩት ያልፋሉ። ይህ ጋን አዝሎ፣ ውሃ ውስጥ ተደላድሎ ድንጋይ የሚገለብጥ ሌባ ሥራ ነበር። ከአሮጊቶቹ መሀል በዚያን ጊዜ ገና ውሃ የሚገቡት እማማ ማልሱን ብቻ ናቸው። ሰማንያን ካለፉ ሰነባብተዋል። ምድር ላይ በምርኩዝ እየተጎተቱ ይሄዳሉ፣ ውሃ ሲገቡ ግን ወገባቸው ይቃናል። ባል የላቸው፣ ልጅ የላቸው፤ ያለቻቸው ያቺ ውሃ ናት። በየቀኑ ባዶ መረብ ይዘው መውጣት ጀመሩ።

የጠላቂዎቹ አለቃ ዳልጃ እሳት ፊት ቆማ ፍርዱን ተናገረች። ሌባው ከዚህ ምድጃ ዙሪያ ከተቀመጠች ሴት ቤት የወጣ እንደሆነ፣ ያቺ ሴት ባሕሩን ትለቃለች። ለአንድ ወር አይደለም፣ ለዘለዓለም ነው። ሁሉም እጃቸውን አወጡ፤ ቀድማ ያወጣችው ቡንሬ ናት።

ቡንሬ ስድሳ አምስት ሆኗታል። ከአሥራ ስድስት ዓመቷ ጀምሮ ውሃ ውስጥ ናት፤ ሌላ ሥራ አታውቅም፤ ሌላ ቦታ ትንፋሿ ደህና አይወጣም። እጇን ባወጣች በሳምንቱ የባሏ ሙት ዓመት ነበርና ልጇ ማንሶክ ቤት ሄደች። ለሟቹ የሚቀርበውን ምግብ ልታሰናዳ ኪምቺ የሚሉት በበርበሬ የተቀመመ ጎመን የሚቀመጥበትን ፍሪጅ ከፈተች። ጎመኑን አነሳ ስታደርግ፣ ከሥሩ በፌስታል የታሰሩ ጆንቦኮች አገኘች። የሕፃን ጆሮ ያክላሉ። ቅርፊታቸው ላይ የአሮጊቶቹ ባሕር ዓለት ቀይ ቅርፊት እንደተለጠፈ ነው። ከየትኛው ድንጋይ ሥር እንደወጡ እንኳ ልትናገር ትችል ነበር።

“ይሄ ምንድን ነው?” አለችው።

ማንሶክ አርባን ያለፈ፣ ትከሻ ሰፊ ሰው ነው። ከመርከብ ሥራው ከወጣ ወዲህ የሚውልበትን አይናገርም ነበር። “ቀንድ አውጣ ነዋ፣ እማዬ። ዕድሜሽን ሙሉ ለቅመሽ ዛሬ ጠፋብሽ?”

በጥፊ አጮለችው። “ከማን ቦታ ነው ያነሳኸው?”

“ባሕር ደግሞ የማን ቦታ አለው? ካርታ አውጥተውበታል?”

ሁለተኛውን ስትደግመው አፍንጫው ደማ። እሱም እንደ ልጅነቱ ማልቀስ ጀመረ፤ ከአባቱ ፎቶ ፊት ተንበረከከ፤ ለሟቹ የተቀዳውን ጽዋ በሁለት እጁ ይዞ “በአባቴ አጥንት ይሁንብኝ፣ ሁለተኛ አልነካም” አለ። ቡንሬ እናት ናትና አመነችው። እኔ ብሆን አላምነውም ነበር፣ ግን እኔ አልወለድኩትም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ለማንም ሳትተነፍስ፣ እማማ ማልሱን ባዶ መረብ ይዘው በወጡ ቁጥር መረቧን ገልብጣ ትሰጣቸው ጀመር። ሌሎቹ አንድ ይጨምራሉ፤ እሷ ትልልቁን መርጣ ታፈስላቸዋለች። እጇ ሲሰጥ ደረቷ ትንሽ ቀለል ይላት ነበር። ማታ ላይ ተመልሶ ይከብዳታል።

በዚያ እሑድ ጠዋት ጎጆው ውስጥ ሲለባብሱ ዳልጃ ብረቷን ድንጋይ ላይ እየሳለች ነበር።

“ትናንትም ገብቶ ነበር” አለች። “ዓለቱን እንደ ዶሮ ገንጥሎታል። ያገኘሁት ቀን ይቺን ጎኑ ውስጥ ነው የምሰካት።”

“እትዬ ዳልጃ፣ ለፖሊስ አይሻልም?” አለች አንዷ።

“ፖሊስ ይለቀዋል። እኔ ጋ ግን መልቀቅ የለም።” ቀና ብላ ዙሪያውን አየች። “እናት ካለችውም አብራ ታስብበት።”

ሴቶቹ ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ደረቅ ነበር። ቡንሬ የእግር መቅዘፊያዋን ለማጥበቅ አጎነበሰች። ትናንትም ከገባ፣ በአባቱ አጥንት መማሉ ምንም አልነበረም ማለት ነው።

እማማ ማልሱን ወደ እሷ ጠጋ አሉ። “የማንሶክ እናት፣ ትናንት አበዛሽው።”

“ምኑን እማማ?”

“ድርሻውን ነዋ። ለእኔ ሰጥተሽ አንቺ ምን በላሽ?”

“ጠግቤ ነው።”

አሮጊቷ ደብዛዛ ዓይናቸውን እሷ ላይ ተክለው ቆዩ። የሚጠብቁት ነገር ያለ ይመስል ነበር። ቡንሬ ግን ጆሮዬን አሞኛል ብላ ወጣች። የዚያን ቀን እንደማትጠልቅ ለዳልጃ ነገረቻትና ዓለቱ ላይ ሆና፣ በመረብ ባሕር ውስጥ ያደረውን የትናንቱን ጆንቦክ ለመንገደኞቹ እንድትሸጥ ታዘዘች። ብርቱዎቹ በጀልባ ወደ ጥልቁ ሄዱ። እማማ ማልሱን ብረታቸውን አንጓቸው ላይ አጥብቀው ወደ ራሳቸው ውሃ ብቻቸውን ገቡ።

እኩለ ቀን ሲቃረብ ቀይ ጃኬት የለበሰ፣ እስከ አፍንጫው የታጠቀ ተራራ ወጪ ከሚስቱ ጋር ደረጃውን ወርዶ ሳፋዋ ላይ አጎነበሰ።

“እማማ፣ ይሄ ትኩስ ነው?”

“ከአንተ ይሻላል። እሱ ዛሬ ጠዋት ዋኝቷል፤ አንተ ከመኪናህ እዚህ ድረስ መጥተህ ላብ አጥምቆሃል።”

ሚስቱ ሳቀች። ሰውየው ግን የሚበገር አይደለም። “እሺ ስንት ነው? ቀነስ አድርጊልን እንጂ።”

“ባሕሩ አልቀነሰልኝም።”

ቢላዋዋን አንስታ አንዱን ከቅርፊቱ ልትፈለቅቅ ስትል አንድ ነገር እንደጎደለ ተሰማት። ወሬው አለ፣ ማዕበሉ አለ፣ ላይ መንገዱ ላይ ሕፃን ያለቅሳል። የእማማ ማልሱን ፉጨት የለም። ቀና አለች። ብርቱካንማው ኳስ ቦታው ላይ ነበር፤ እያየችው ወደ ታች ተጎተተና ተመልሶ ብቅ አለ። አጠገቡ ውሃው እንደ ድስት ይንተከተካል። ትንፋሿን ይዛ የምትጠልቅ ሴት አረፋ የላትም። አረፋ ያለው ጋን ያዘለ ሰው ነው።

ቡንሬ ገና ሳታየው ማን እንደሆነ አወቀች። እሑድ በጠራራ ፀሐይ፣ ሕዝብ መሀል ማንም አይጠረጥረኝም ብሎ ነው። እንዲህ ያለ ድፍረት ከማን እንደወረሰ አታውቅም፣ ተንኮሉን ግን ከጡቷ ሥር ሳለ ጀምሮ ታውቀዋለች።

“ሰው ገደሉ!” ብላ ጮኸች። “ድረሱ! እማማ ማልሱንን ገደሏቸው!”

የመንገዱ ሰው ሁሉ መደገፊያው ላይ ተደርድሮ ወደ ታች ማየት ጀመረ። ጠላቂዎች ለጎብኚ ትርኢት እንደሚያሳዩ በቴሌቪዥን አይቷላ። አንዱ ልጁን ትከሻው ላይ ሰቀለው። አንዷ “ትርኢቱ በስንት ሰዓት ነው የሚያልቀው?” ብላ ጠየቀች። ቡንሬ ከነሽርጧ፣ ብረቷን አንጓዋ ላይ አጥልቃ ከዓለቱ ዘልላ ስትገባ አጨበጨቡላት። አጨበጨቡ! ያን ጭብጨባ ሳስታውስ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ውሃው ከሥር ደፍርሷል። አሮጊቷ በሁለት እጃቸው የሰውየውን የአየር ቱቦ ጨብጠዋል፤ የኳሳቸውን ገመድ እግሩ ላይ ጠምጥመውበታል። እሱ ደግሞ በጉልበቱ ደረታቸውን ይደቃል፣ በክርኑ ፊታቸውን ይመታል፤ አይለቁም። ከአፍንጫቸው የሚወጣው ደም እንደ ጭስ ተጠቅልሎ ወደ ላይ ይወጣል። ትንፋሻቸው ካለቀ ቆይቷል። እሱ ጋኑ አለውና አይቸኩልም፤ መዳፉን አናታቸው ላይ አድርጎ ወደ ታች ተጭኗቸዋል።

ቡንሬ ከጀርባው መጣችና አየር የሚስብበትን ጎማ ከአፉ ነጠቀችው። ዞረ። በመነጽሩ ውስጥ ዓይን ለዓይን ተያዩ። አወቃት፤ እሷም አወቀችው። ቢያውቃትም በቡጢ ጉሮሮዋን መታት። ውሃ ገባባት፣ ዓይኗ ጨለመ። ብረቷን በሙሉ ክንዷ ሰነዘረችና ትከሻው ላይ ሰካችው። ጥቁሩ የመጥለቂያ ልብሱ ተተረተረ፤ ከውስጡም ደም ገነፈለ። ያኔ እጁ ከአሮጊቷ አናት ላይ ተነሳ።

እማማ ማልሱንን በፀጉራቸው ይዛ ወደ ላይ አወጣቻቸው። ዓለቱ ላይ ስትጥላቸው እንደ እርጥብ ጆንያ ወደቁ፤ አይተነፍሱም። ደረታቸውን በጡጫ ደለቀች፣ በሆዳቸው ገለበጠቻቸው፣ ጀርባቸውን መታች። በመጨረሻ የባሕር ውሃና ደም አንድ ላይ አስታወኩና ቀጭን ፉጨት አሰሙ። ያን ፉጨት ሰምታ ማልቀስ ፈለገች፣ ጊዜ ግን አልነበራትም። ማንሶክ ጋኑን ጥሎ፣ መቅዘፊያውን አውልቆ፣ ከእማማ ማልሱን ኳስ ሥር የቦጨቀው መረብ ወገቡ ላይ እየተንጠለጠለ ደረጃውን ወደ መንገዱ ይወጣ ነበር። ሕዝቡ መሀል ከገባ ጠፋ ማለት ነው።

በባዶ እግሯ ተከተለችው። ደረጃው አጋማሽ ላይ ደረሰችበትና የራስ መሸፈኛውን ከኋላ ጨመደደች።

“እማዬ፣ እኔ ነኝ!” አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “ልቀቂኝ! ሰው ያየናል!”

“አውቄሃለሁ” አለችና በብረቱ ጠፍጣፋ ጎን ጆሮ ግንዱን አለችው።

ደረጃው ላይ የነበሩት ሰዎች እየተንጫጩ ሸሹ። የሕፃን ጋሪ ተገለበጠ፤ ደግነቱ ሕፃኑ እናቱ ጀርባ ላይ ነበር። ሁለተኛ መታችው፤ ብረቱ ቅንድቡን ቀደደው። ሦስተኛውን ስታነሳ እሱ ወደ ታች እንዲያሰምጠው ክብደት ያሠረበትን ቀበቶ ከወገቡ ፈትቶ አፏ ላይ አሳረፈባት። ጥርሷ ሲሰበር ድምፁን በራሷ ውስጥ ሰማችው። በጉልበቷ ወደቀች፤ ግን እየወደቀች እግሩን አቀፈች። እሱ ይረግጣታል፣ እሷ አትለቅም። አንድ ወጣት አባት ሊገላግል ቢጠጋ በክርኑ ጎስሞ ከመደገፊያው ጋር አላተመው። ቀይ ጃኬቱ ተራራ ወጪ ምርኩዙን በሁለት እጁ እንደያዘ ከሚስቱ ኋላ ቆሟል።

ያኔ ጀልባዋ ደረሰች። ጩኸቱን ከጥልቁ ድረስ ሰምተው ኖሯል። ሰባት ሴቶች፣ ውሃ እየተንጠፈጠፈባቸው፣ ደረጃውን ወረሩት። በመንገዳቸው የእማማ ማልሱንን ፊት አይተዋል፤ ከዚያ በኋላ ጥያቄ የጠየቀ የለም። በእግር መቅዘፊያ ፊቱን ጠፈጠፉት፤ በክርናቸው ደቁት፤ አንዷ በሽርጥ አንገቱን አንቃ ስትጎትተው ሌላዋ ጣቱን ነከሰች። ይህን ሁሉ ጊዜ እጁን በፊቱ ላይ አጣምሮ ዝም አለ። አንድ ቃል ቢናገር ድምፁን ያውቁታል፤ መታወቁ ከዱላው ባሰበት። በጥቁሩ መሸፈኛና በደሙ መሀል ማን መሆኑን ከቡንሬ በቀር ያወቀ አልነበረም።

“ዞር በሉ!” አለች ዳልጃ። የተሳለችውን ብረት በሁለት እጇ ከራሷ በላይ አነሳች። ጎኑን አልነበረም ያየችው፤ አናቱን ነበር።

ቡንሬ አላሰበችም። ለማሰብ ጊዜ ቢኖራት ምን እንደምታደርግ እኔም አላውቅም። ደም በሞላው አፏ እየጮኸች ልጇ ላይ ተደፋችበት፤ ብረቱ ወረደና ትከሻዋን ሰነጠቀው።

“ምን ነካሽ?” አለች ዳልጃ ብረቱን እየነቀለች። “አብደሻል? ለሌባ ትሞቻለሽ?”

“ልጄ ነው” አለች ቡንሬ።

ዳልጃ ጎንበስ ብላ መሸፈኛውን ገፈፈችው። ማንሶክ ነበር፤ በመንደሩ ያደገው፣ እዚያው ዓለት ላይ ሁሉም ያጠቡት፣ ሲዳር ሁሉም የጨፈሩለት ማንሶክ። ሴቶቹ እጃቸው ላይ ያለውን ደም አዩ።

እማማ ማልሱን በሁለት ሴቶች ተደግፈው ደረጃው ግርጌ ደርሰው ነበር። ከንፈራቸው አብጦ አፋቸውን ዘግቶታል፤ ንግግራቸው እየተቆራረጠ ነው የሚወጣው።

“አላወቀችም” አሉ። “የማንሶክ እናት አላወቀችም። እንደ እናንተው ዛሬ ነው ያየችው።”

ሁሉም ቡንሬን አዩ። ራሷን ወደ ታች ነቅነቅ ብታደርግ ይበቃ ነበር። ከዳልጃ ጀምሮ እውነት እንዲሆን የማይመኝ አልነበረም። ሃምሳ ዓመት የኖረችበት ባሕር እዚያ፣ ከሴቶቹ ትከሻ በላይ ይታያታል። እስትንፋሷ የሚወጣበት ቦታ እሱ ብቻ ነው። ነገ ጠዋት ልትገባበት ትችል ነበር።

“አውቄያለሁ” አለች። የተሰበረውን ጥርሷን መዳፏ ላይ ተፋችው። “ከአባቱ ሙት ዓመት ጀምሮ አውቄያለሁ። አገኘሁበት፣ መታሁት፣ ማለልኝ፣ ዝም አልኩ።”

ዳልጃ በጥፊ መታቻት። ቡንሬ ፊቷን አላሸሸችም። “አንድ እሳት እየሞቅን!” አለች ዳልጃ። “እጅሽን ስታወጪ አይቼሻለሁ! ከሁላችንም ቀድመሽ ነው ያወጣሽው!”

“እኔም አውቄያለሁ” አሉ እማማ ማልሱን።

ዳልጃ ዞረች። “እርስዎ ደግሞ ምኑን?”

“ድርሻ አንድ ነው፣ ቢበዛ ሁለት። መረቡን ሙሉ ገልብጦ የሚሰጥ ሰው የሚያቃጥለው ነገር አለ። ከዛሬ ነገ በራሷ አፍ ትነግረኛለች ብዬ ጠበቅኋት። ዛሬ ጠዋት እንኳ ጠብቄያታለሁ።” አሮጊቷ ደም ተፉ። “እስክትነግረኝ ደግሞ በላሁ። ጥርስ ባይኖረኝ ሆድ አለኝ።”

የሳቀ የለም። ቡንሬ ግን የዚያን ጊዜ፣ ከዱላው ሁሉ በኋላ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች። አፏ ያልቻለውን እጇ በየቀኑ ሲናገር ኖሯል፤ ሰሚውም ሰምቶ ዝም ብሎ ኖሯል። ያን ጊዜ ተናግራ ቢሆን እኚህ ሴት ዛሬ ውሃ ውስጥ ባልታነቁ ነበር። ይህን አሰበችና ሐፍረት አንገቷን አስደፋት።

የባሕር ጠረፍ ፖሊሶች ሲደርሱ ማንሶክ ድምፁን አገኘ። እጁን ወደ ኋላ አሥረው ሲያነሱት “እናት የለኝም!” እያለ ጮኸ። “ይቺ እናቴ አይደለችም! ሰው ለቀንድ አውጣ ልጁን ይሸጣል?”

“ባትኖርህ ኖሮ ይሄኔ ሬሳህን ነበር የሚያነሱት” አለችው ዳልጃ። ይዘውት ሄዱ። ቡንሬ ከዓይኗ እስኪሰወር ድረስ ተከትላ አየችው፤ የቀደደችው ቅንድቡ ይደማ ነበር፤ የሚጠርግለት አልነበረም።

አምቡላንሱ እማማ ማልሱንን ሊወስድ መጣ። እሳቸው ግን መረቤ ካልመጣ አልሄድም ብለው ዓለቱ ላይ ተቀመጡ። ሐኪሙ የቡንሬን ትከሻ አሥሮ እሷም እንድትሳፈር ቢለምናት እግር አለኝ አለችው። ወደ ጎጆው ገብታ መቅዘፊያዋን፣ መነጽሯን፣ ባዶ መረቧን አወጣች። ብረቷን ከአንጓዋ ፈትታ ለዳልጃ ዘረጋችላት። አንጓዋ ላይ ማሰሪያው የነበረበት ቦታ ነጭ ሆኖ ቀርቷል።

ዳልጃ ብረቱን ተቀበለች። “ሕጉን ታውቂዋለሽ” አለች።

“አውቃለሁ፣ እትዬ።”

“ከዛሬ ጀምሮ እግርሽ ውሃ እንዳይነካ።”

“እሺ።”

ቡንሬ ባዶ መረቧን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ዞረች። “ቆይ” የሚል ድምፅ ሰማች። እማማ ማልሱን ከፖሊሶቹ የተመለሰላቸውን የተቀደደ መረብ ጭናቸው ላይ አድርገው እየፈተሹ ነው። የዚያን ጠዋት የለቀሟት አንዲት ጆንቦክ ነበረችበት። በአራት እግራቸው እንደመሄድ ብለው ተነሱ፣ ወደ ቡንሬ መጡ፣ መረቧን ከፍተው ከተቱባት።

“ይሄ ምንድን ነው?” አለች ዳልጃ።

“ከባሕር ወጥታለች” አሉ አሮጊቷ። “መረቧም ባዶ ነው።”

ሴቶቹ አለቃቸውን ያያሉ። ከዚያ አንደኛዋ ወደ ጀልባዋ ሄዳ መረቧን አመጣችና ትልቁን መርጣ ጨመረች። ሁለተኛዋ ተከተለች። ቡንሬን ቀና ብሎ ያያት የለም፤ ቃል የተናገራትም የለም። መረቧ ውስጥ ከትተው ዞር ይላሉ። በመጨረሻ ዳልጃ መጣች። ዓይኗ በእልህ ቀልቷል። ከመረቧ ሁለት አነሳች፤ መሬት ላይ እንትፍ አለችና አንድ በአንድ እንደ ድንጋይ ወረወረችላት። ቡንሬ አላመሰገነችም። እምቢም አላለች።

ደረጃውን ስትወጣ መረቡ የታሠረ ትከሻዋን ይጎትተው ነበር። በሃምሳ ዓመት ውስጥ እንዲህ የሞላ መረብ ተሸክማ አታውቅም። የመንገዱ ሰው ግራና ቀኝ ተከፍሎ አሳለፋት፤ ስልኩን ያወጣው ሰው እንኳ ስትደርስበት ወደ ታች አደረገው። ቀይ ጃኬቱ ተራራ ወጪ ብቻ፣ ሚስቱ እጅጌውን እየጎተተችው፣ ወደ መረቡ ተጠጋ።

“እማማ፣ ይሄ ደግሞ ስንት ነው?”

“አይሸጥም” አለችና ባሕሩን በቀኟ አድርጋ ወደ ቤቷ መራመድ ጀመረች።